የበድሩ እናት ምስክርነት

የከተማይቱን ስም ይህን ታሪክ ያጫወቱኝ ኡስታዜ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም። «መስጊዷ ዳገት ላይ፣ ሕዝቧ ዳገቱ ሥር የሆነ ጥንታዊ ከተማ ነበረች» ብለው ጀመሩልኝ። «ወጣቱ ለሶላት ሲወጣ ያልበዋል፤ ሽማግሌው ያቃስታል፤ ሁሉም ግን ይወጣል።»

ያች ከተማ አንድ ነገር ያንገበግባት ነበር። ከወንዙ ማዶ ያለችው ጎረቤቷ የታወቀ ወሊይ፣ የአላህ ወዳጅ፣ የተቀበረባት ናት። በየዓመቱ ከሩቅ አገር ሰው ይጎርፍላታል፤ በግ ይታረድባታል፤ ገበያዋ ይደምቃል። የወዲህኞቹ ግን ሰው የሚጠራ ምንም አልነበራቸውም። «የኛን ከተማ አላህ ለምን ረሳት?» እያሉ ይተክዙ ነበር፤ አስተግፊሩላህ።

እመት ዙበይዳ የዚያች ከተማ ሰው ነበሩ። ሰባ ዓመት የተሻገሩ፣ ምላሳቸውን ከሐሜት፣ እጃቸውን ከሰው ሐቅ የጠበቁ እናት ናቸው። ባላቸው ወደ አኼራ ከሄዱ ወዲህ የቀራቸው አንድ ልጃቸው በድሩ ብቻ ነበር። በድሩ ሰሌን ይሠራል። ሲገባ በሩ ይጠበዋል፤ ሲስቅ ሦስተኛው ቤት ይሰማል። እናቱ ሚስት ሊያጩለት በተነሡ ቁጥር «እማ፣ ረመዳን ይለፍና» ይላል። ረመዳን እያለፈ፣ ሌላው እየመጣ፣ እሱ ሳያገባ አርባ ሁለት ዓመት ሞላው።

በዚያው ዓመት ትኩሳት ያዘውና በአራተኛው ቀን ሞተ። እመት ዙበይዳ ዓይኑን በገዛ እጃቸው ከደኑ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። ጀናዛው ሲወጣም ድምፃቸው አልተሰማም። ሰው ወደ ቀብር ወጥቶ ቤቱ ጭር ሲል ግን፣ በድሩ ጀምሮ የተዋት ሰሌን ላይ ተቀምጠው፣ ያልታሰረውን ጫፏን በጣታቸው እየዳበሱ ቆዩ።

በሦስተኛው ቀን ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ ሳለ ሀጂ ሙዘይን ገቡ። ሀጂ ሙዘይን የከተማይቱ ትልቅ ነጋዴ ናቸው፤ ልባቸው ቅን ነው፤ ብቻ አንድ ነገር ካሰቡ ሳይውሉ ሳያድሩ ይጀምሩታል። የተቀመጠውን ሰው ሰላም ብለው ወደ እመት ዙበይዳ ዞሩ።

«እመት ዙበይዳ፣ አብሽሩ! የወለዱት ልጅ ተራ ሰው አይደለም። በድሩ ወሊይ ነበር።»

«የኔ በድሩ?» አሉ እመት ዙበይዳ።

«የእርስዎ በድሩ! እኛ አጠገባችን ሆኖ አላወቅነውም። ሰው ቤት ምግብ ሲቀርብለት እጁን ይሰበስብ ነበር፤ ለካ የሱና ጾም እየጾመ ነው። ሱጁድ ሲወርድ ሌላው ሶላቱን ጨርሶ ጫማውን ሲፈልግ እሱ ገና አልተነሣም። ሰማዩ እንደ መስተዋት ጠርቶ ሳለ ደግሞ ገበያ መሀል ቆሞ ‹ዛሬ ይዘንባል› አለ፤ ከዐሥር ሶላት በፊት ጎርፉ እህላችንን ጠረገው። ከዚህ ወዲያ ምን ተአምር፣ ምን ከራማ አለ? መቃብሩ ላይ ጉልላት ያለው ቁባ እንሠራለን። ሰባት አህያ ድንጋይ አስጭኛለሁ።»

«ድንጋዩ መጥቷል?»

«በር ላይ ነው። ከእርስዎ የምንፈልገው ምስክርነት ነው። ሲወለድ ቤቱን የሞላ ብርሃን አልነበረም?»

ኡስታዜ እዚህ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እናት ናት» አሉኝ። «ልጇን ከቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። አንድ ቃል ብትናገር ስሙ ለዘላለም ሊነሣ ነው። ለአንድ አፍታ ልቧ ሄዶ ነበር፤ ራሷ ነች በኋላ ያወራችው። ቁባው በዓይኗ ታያት፤ ነጭ ነበር፤ ያምር ነበር።»

እመት ዙበይዳ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ሀጂ፣ በድሩ ሲወለድ ቀትር ነበር። ብርሃን ነበር፤ የፀሐይ ነው።»

ከጥግ አንድ ሰው ሳቁን ሳል አስመስሎ ዋጠ።

«ምግቡንም ልንገርዎት። ሰው ቤት እጁን የሚሰበስበው ጾሞ አይደለም፤ ሁለት ቤት በልቶ ስለሚመጣ ነው። ሦስተኛው ላይ ያፍራል። ሱጁዱንማ እኔ ስመክረው ኖሬያለሁ። ‹ልጄ፣ ግንባርህ ምንጣፍ ሲነካ እንቅልፍ የሚወስድህ ምን ሆነህ ነው?› እለዋለሁ። ‹እማ፣ ራሴ የሠራሁት ሰሌን ስለሆነ ይመቸኛል› ይለኛል።»

አሁን ሳሉ በዛ። ሀጂ ሙዘይን ግን እጅ አልሰጡም።

«ዝናቡስ? ዝናቡን ማን ነገረው?»

ይህኛው እመት ዙበይዳን ከበዳቸው። ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ጉልበቱ ነው። ዝናብ ሊመጣ ሲል ግራ ጉልበቱ ይቆረጥመዋል። ጉልበቱ የተሰበረው ከዛፍ ወድቆ ነው። ዛፉ... ዛፉ የእርስዎ ኮክ ነው፣ ሀጂ።»

«የኔ ኮክ? ልጅ እያለ?»

«ሠላሳ ዓመት ሞልቶት።»

ከዚህ በኋላ የሚስል አልነበረም። የለቅሶ ቤት መሆኑ ተረሳ፤ ሰው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሀጂ ሙዘይን ብቻ ተቆጡ።

«እመት ዙበይዳ፣ የሞተ ሰው ነውሩ ይሸፈናል እንጂ አደባባይ አይወጣም! ይህን ያጡታል?»

«አላጣሁትም። ነውር አላወጣሁም፤ እሱ ራሱ እየሳቀ ለከተማው ሁሉ ሲያወራው የኖረውን ነው የነገርኩዎት። ኮኩን ብቻ ከእርስዎ ደብቋል፤ ይፈራዎት ነበር። እናንተ ግን የውሸት ልብስ ልታለብሱት መጣችሁ፤ እሱ ደግሞ ትልቅ ሰው ነው፤ አይበቃውም።»

ያኔ ሸኽ ኢድሪስ ከተቀመጡበት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሸኽ ኢድሪስ የከተማይቱ ዓሊም ናቸው፤ እግሮቻቸው ከታመሙ ዓመታት አልፈዋል።

«እኔም የማውቀውን ልመስክር» አሉ። «አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ጁምዓ ጁምዓ፣ ያን ዳገት በጀርባው አዝሎ ያወጣኝ በድሩ ነው። ዝም ብሎ ግን አላወጣኝም። ‹ሸኺ፣ ዛሬ ደግሞ ምን በልተው ነው?› ይለኛል፤ ሁለት ቤት የበላው እሱ! ሁለት ጊዜ ጥሎኛል። አንዴ ጭቃ ላይ፣ አንዴ አጋም ላይ። አብሮኝ ወድቆ ሲስቅ እኔም ሳልወድ ስቄ፣ ውዱእ እንደገና አድርገናል። አንድም ጁምዓ ግን አልቀረብኝም።»

ሀጂ ሙዘይን ዓይናቸው በራ። «ሸኺ፣ ታዲያ ይኸ ከራማ አይደለም?»

«ይኸ ጀርባ ነው» አሉ ሸኽ ኢድሪስ።

ሀጂ ሙዘይን መሬት ላይ ተቀመጡ። ተስፋቸው ሲሟሽሽ ታያቸው። ከቁጣ ይልቅ ግራ በመጋባት ጠየቁ፤ «የወሊይ እናት ሊባሉ ነበር። እናት ሆነው ስለ ምን እምቢ አሉ?»

እመት ዙበይዳ እስከዚያ ሰዓት ያልወረደ እንባቸው ወረደ።

«ሀጂ፣ ወሊይ ካደረጋችሁት መቃብሩ ድረስ መጥታችሁ የራሳችሁን ሐጃ ነው የምትለምኑት። ‹አላህ ይማረው› የሚልለት ማን ይቀራል? ልጄ ብቻውን ነው የተኛው። ልጅ አልወለደ፣ ዱዓ የሚያደርግለት የለ። እኔ ደግሞ አርጅቻለሁ፤ ነገ እከተለዋለሁ። ልጄን ከዱዓችሁ አታስወጡብኝ።»

እንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ቀጠሉ።

«ደግሞም የእርስዎ ሐቅ አለበት። ያን ኮክ ይቅር ብለው ሐላል ያድርጉለት።»

ሀጂ ሙዘይን አንገታቸውን ደፉ። «ሐላል ነው፤ ለአላህ ብዬ ሐላል ብዬዋለሁ።»

«ቅርንጫፍም ተሰብሯል።»

«ቅርንጫፉንም ጭምር!» አሉ ሀጂ፤ እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ ማንም አልለየም።

ሸኽ ኢድሪስ እጃቸውን አነሡ። ቤቱ የሞላው ሰው አብሮ አነሣ። «አላህ ሆይ፣ በድሩን ማረው፤ ቀብሩን አስፋለት» አሉ። አሚን የሚለው ድምፅ ከግቢው አልፎ መንገድ ላይ ተሰማ። ወሊይ ለመሰየም የመጣ ሕዝብ ለአንድ ሰሌን ሠሪ ምሕረት ሲለምን ዋለ።

ለቁባው የመጣው ድንጋይ ዳገቱ ላይ መወጣጫ እርከን ሆነ። እርከኑ እስኪያልቅ ሸኽ ኢድሪስን የሚያዝል ሰው ጠፍቶ ነበርና ሀጂ ሙዘይን ራሳቸው ጀርባቸውን ሰጡ። በመጀመሪያው ጁምዓ መንገድ መሀል ሦስት ጊዜ አረፉ። ሸኽ ኢድሪስ ከላይ ሆነው «ሀጂ፣ አጅርዎን አላህ ያብዛልዎት፤ በድሩ ግን ይሻል ነበር» አሏቸው። ወሬው ከተማውን አዳረሰ፤ የሰማ ሁሉ ይስቅና «አላህ ይማረው» ይላል።

አንዲት ጎረቤት ይህ ነገር አሳሰባትና፣ «እሜቴ፣ ሰው ልጅዎን ሲያነሣ መጀመሪያ ይስቃል እኮ፤ አይከፋዎትም?» አለቻቸው።

እመት ዙበይዳ እንዲህ መለሱላት፤ «ሳቁ ይቅደም፣ ልጄ፤ ዱዓው ከተከተለው።»

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እኛ ለቅሶ ቤት ስንሄድ ውዳሴ ይዘን እንሄዳለን። ሟቹ በሕይወት ቢኖር «ይህ የምታወሩት ማን ነው?» ብሎ እስኪጠይቅ እናሞግሰዋለን፤ ከዚያ እጃችንን ታጥበን እንወጣለን። ውዳሴው ለኛ ጆሮ ነው፤ ወደ ቀብር አይወርድም። ያች እናት ልጇን እንዳለ ወደደችው፤ ሲበላም፣ ሲተኛም፣ ሲወድቅም። እንዳለ ስለወደደችውም የሚያስፈልገውን አወቀች። እኔ ሞቼ ከመጣችሁ ወሊይ ነበር አትበሉኝ፤ ማንም አያምናችሁም። ከዛፋችሁ የወሰድኩት ካለ ሐላል በሉኝ፤ ስቃችሁም ቢሆን እጃችሁን አንሡልኝ።