በየቀኑ ውሃ የጠጣው ሣር

አንድ አባት ነበሩ፤ አቶ ፈለቀ ይባላሉ። በዚህች ዓለም ላይ የሚሳሱለት ሁለት ነገር ነበራቸው። አንደኛው አንድያ ልጃቸው እስከዳር ናት፤ ሁለተኛው የግቢያቸው ሣር።

ሚስታቸው የሞቱት እስከዳር የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ከዚያ ወዲህ እናትም አባትም ሆነው አሳደጓት። አሁን ሃያ አራት ዓመት ሞልቷታል፤ በአዋላጅ ነርስነት ተመርቃለች። እሳቸው ግን ዛሬም ብርቱካን ልጠው፣ ፍሬውን ለቅመው አውጥተው በሳህን ያቀርቡላታል። ልብ በሉ፤ ሰው ታዋልዳለች፣ ብርቱካን ግን አትልጥም።

ሣሩንም የያዙት እንደዚያው ነው። በሰፈሩ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ፣ በሳምንት አንድ ቀን ነው። አቶ ፈለቀ ሣሩ እንዳይጠማባቸው ብለው ትልቅ ታንከር አስተከሉ። በየማለዳው ጎማውን ይዘው ላይ ላዩን ውሃ ያርከፈክፉበታል። ክረምት ከበጋ ሳይሉም በየሳምንቱ እንደ ወታደር ፀጉር አሳጥረው ያጭዱታል።

ጥር ላይ የሰፈሩ ዋና ቧንቧ ፈነዳና ውሃው ሦስት ሳምንት ጠፋ። ታንከሩ በአራተኛው ቀን ባዶ ሆነ። ሳምንት ሳይሞላ ሣሩ ገለባ መሰለ።

በዚያው ሰሞን ለእስከዳር የሥራ ምደባ ደብዳቤ ደረሳት። ቦታው የሁለት ቀን መንገድ የሚያስኬድ የቆላ ከተማ ነው፤ እስከ ዓርብ መልስ እንድትሰጥ ይጠይቃል። ሥራው ስትመኘው የኖረችው ነው። ግን ፈራች።

«አባዬ፣ ብቻዬን እችላለሁ እንዴ?» አለች።

«እኔ እያለሁ ምን አንከራተተሽ?» አሉ አባት።

እስከዳር ደብዳቤውን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ሐሙስ ጠዋት አቶ ፈለቀ አጥሩን አሻግረው ቢያዩ፣ የጎረቤታቸው የእትዬ ዘርፌ ሣር ለምለም ነው። እትዬ ዘርፌ ታንከር ቀርቶ ደህና ባልዲ እንኳ የላቸውም። አቶ ፈለቀ ተጠራጥረው ሄዱ።

«እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ውሃ ከየት ነው የሚያስመጡት?»

«እኔ የምጠጣው አጥቼ ለሣር አስመጣለሁ?» ብለው ሳቁ አሮጊቷ። ከዚያ ዶማ አንስተው ከራሳቸው ሣር አንድ ቁራጭ፣ ከአቶ ፈለቀም ግቢ አንድ ቁራጭ ነቀሉ። የአቶ ፈለቀ ሣር ሥሩ አንድ የጣት አንጓ አይሞላም። የእትዬ ዘርፌ ግን ከስንዝር አልፎም አላለቀ፤ ጫፉ አፈር ውስጥ ተበጥሶ ቀረ።

«እኔ ፈረቃ ሲደርሰኝ ብቻ አጠጣዋለሁ፤ ግን አፈሩ እስኪጠግብ ነው» አሉ። «በቀረው ቀን ወደ ታች ወርዶ ራሱ ይፈልግ። ክረምት አሳጥረዋለሁ። በጋ ሲገባ ለራሱ ሥር ጥላ እንዲሆን ትንሽ አስረዝመዋለሁ። መስከረም ላይ ፍግ አለብሰዋለሁ፤ በቃ። አንተ በየማለዳው አፉ ድረስ እያመጣህለት፣ ወደ ታች ምን ሊሠራ ይውረድ?»

«ስለምወደው እኮ ነው፣ እትዬ።»

«መውደድህንማ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አንተ በሌለህበት ቀን ምን ይሁን ብለህ ነው?»

አቶ ፈለቀ ያቺን አጭር ሥር በእጃቸው ይዘው ወደ ቤት ገቡ። ከምሳ በኋላ እንደ ልማዳቸው ብርቱካንና ቢላ አመጡ። ዛሬ ግን አልላጡም። ሁለቱንም ልጃቸው ፊት አስቀመጡ።

«አባዬ፣ አመመህ እንዴ?» አለች እስከዳር።

«ደህና ነኝ። ራስሽ ላጪው።»

ላጠችው። ልጣጩ ተቆራረጠ፤ ጭማቂው እስከ ክርኗ ወረደ። አቶ ፈለቀ ቢላውን ሊቀበሏት ሦስት ጊዜ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሦስት ጊዜ መለሱት። ጨርሳ ግማሹን ስትሰጣቸው አለቀሱ።

«ሂጂ ልጄ፤ ትችያለሽ። ያስፈራሁሽ እኔ ነኝ» አሏት።

ዓርብ መልሷን ሰጠች፤ ሄደች። የመጀመሪያውን ወር በየቀኑ እያለቀሰች ደወለች። አቶ ፈለቀም ሁለት ጊዜ ሻንጣቸውን ሸክፈው ሁለት ጊዜ ፈቱት። በሦስተኛው ወር ስልኩ በሳምንት አንዴ ሆነ። ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ በጀመረ ሰሞን፣ ደውላ «አባዬ፣ ዛሬ ሐኪሙ በሌለበት መንታ አዋለድኩ!» አለቻቸው። አቶ ፈለቀም በደስታ «ሣሩም አቆጥቁጧል» አሏት።

የምንወደውን ሰው በየቀኑ ጠብ ጠብ እያደረግን ካኖርነው፣ እኛ በሌለንበት ቀን ይደርቃል። እስኪጠግብ እንስጠው፤ ከዚያም ሥሩን ወደ ታች የሚሰድድበት ቀን እንተውለት። መተው እንደሚያም አውቃለሁ፤ የአቶ ፈለቀን የተዘረጋ እጅ አይታችኋል።

እስቲ ልጠይቃችሁ፦ እናንተ ዛሬም የምትልጡት ብርቱካን የማን ነው?