ሦስቱ ጠመንጃዎችና አማካሪው ቆቅ

ተረት ልንገራችሁ? «ንገረን!» በሉኛ። ብዋሽ ምላሴ እንደ ጅግራ እግር ይድረቅ።

ድሮ፣ ድንጋይ ሳይጠነክር፣ አያ ጓንጉል የሚባል አዳኝ ነበረ። የእርሳስ ፍሬ የሚረጩ ሦስት የወፍ ጠመንጃዎች ነበሩት፤ ረጅሙ፣ ባለ ሁለት አፈሙዙና አጭሩ። ሦስት መሣሪያ፣ ባዶ ድስት! የቱ ለየትኛው ወፍ እንደሚሆን አያውቅማ። ጅግራ ላይ በአጭሩ ቢተኩስ፣ ደቃቁን ፍሬ ከላባዋ አራግፋ «ካፊያ ጣለ እንዴ?» ብላ ሄደች። ድርጭትን በባለ ሁለት አፈሙዙ ቢመታት፣ የተረፈው ስሟ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ወጥመዱ ቆቅ ያዘለት። ቢላዋውን ሲስል ቆቁ ጮኸ፤

«ተው፣ አያ ጓንጉል! ብትበላኝ አንድ ጉርሻ ነኝ። ብታኖረኝ ግን የወፉን ሁሉ አመል አውቃለሁ፤ ጠመንጃ አስመርጥሃለሁ። ብቻ ቆቅ ላይ እንዳትተኩስ ማልልኝ።»

«ብተኩስ የአባቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ!»

ቆቁ ቅርጫት ገባ።

መስቀል ደረሰ። «ለጅግራ የቱን ልያዝ?»

«የጅግራ ላባ ጋሻ ነው። ባለ ሁለት አፈሙዙን ወፍራም ፍሬ አጉርሰው። በአንዱ አፍ የፊተኛዋን፣ በሌላው እህቷን ለማየት የምትዞረውን ምታ።»

ጠመንጃው አገሳ፤ ድስቱ ሞላ።

ገና ደረሰ። «ለዋኖስስ?»

«ዋኖስ ከፍ ብላ ነው የምትከንፈው። ረጅሙን ያዝ፤ ፍሬው ሳይበተን ሩቅ ይደርሳል። ከፊቷ አስቀድመህ ተኩስ፣ ራሷ በርራ ትገባበታለች።»

ጠመንጃው ጮኸ፤ ድስቱ ሞላ።

ጥምቀት ደረሰ። «ለድርጭትስ?»

«እሷማ ሣር ውስጥ ተኝታ ከእግርህ ሥር ነው ብድግ የምትለው። አጭሩን ያዝ፤ ቶሎ ይዞራል፣ ደቃቁን ፍሬ እንደ ጤፍ ይዘራዋል።»

ድስቱ ሞላ። አንዲት የቆሰለች ድርጭት ግን ቤት ውስጥ ቅርጫቱ አጠገብ ተጥላ፣ «ሣር ውስጥ እንደምንተኛ ማን ነገረው?» አለች።

ቆቁ ፊቱን አዞረ። «ምን አውቄ እህቴ፤ እኔ እስረኛ ነኝ።»

ግድግዳው ላይ ረጅሙ ጠመንጃ ሳቀ። «እኛ አፍ እንጂ ዓይን የለንም። እሱ ባይኖር ዝገን ነበር።»

ሁዳዴ ገባ። አያ ጓንጉል ሃምሳ አምስት ቀን ሽሮ ሲልስ፣ ቆቁ ጥሬ እየለቀመ ወፈረ። ወፈረ ስላችሁ፣ ቅርጫቱ እንደ ጠባብ ቀሚስ ጎኑ ላይ ተጣበቀ!

ለፋሲካ ሦስቱንም ጠመንጃ ተሸክሞ ወጣ። አገሩ ጭር ብሏል። የተረፈው ወፍ ሁሉ ተሰዷል። ባዶ እጁን ተመለሰ።

«ሽንኩርቱ አረረ እኮ!» አለች ሚስቱ ማንጠግቦሽ። «ሥጋው የታለ?»

አያ ጓንጉል ቅርጫቱን አየ።

«መሐላህ! የአባትህ አጥንት!» አለ ቆቁ። ወደ ጠመንጃዎቹም ዞሮ፣ «እናንተ እንኳ አንድ ነገር በሉ! ስንት አደን አብረን አድነናል!»

«ለቅርጫት ወፍ ከእኛ የቱ ይሆናል?» አለ አጭሩ። «አማካሪው አንተ ነህ፤ ምከረና።»

አያ ጓንጉል ጠመንጃዎቹን አንድ በአንድ ሰቀላቸው። «አይዞህ ወዳጄ፣ መሐላ አላፈርስም። አንዲት ጥይት አልተኩስብህም። ማንጠግቦሽ፣ ቢላዋውን አቀብዪኝ።»

ማንጠግቦሽ ብልቱን ስታወጣ ምላሱን ለውሻ ወረወረችው። ውሻው እንኳ አሽትቶ አለፈው።

ተረቴን ውሰዱ፣ ምላሴን ለኔ ተዉልኝ። የሌላውን መሸሸጊያ ለጠመንጃ ያሳየ፣ የራሱን አንገት ለቢላዋ ያስለካል።