ቀበሮና ነጩ እንጉዳይ

አንድ ጊዜ ወፍ እንኳን በማይጮህበት የጥድ ደን ውስጥ ጅብና ቀበሮ ምግብ ፍለጋ ይዞሩ ነበር። ክረምቱ ከብዷል፤ ጉሙ ቀን ሙሉ ከዛፎቹ አይነሣም፤ የሚታደን ነገር ከጠፋም ሰንብቷል።

ከአንድ ጥድ ሥር አሮጊቷን ጃርት እንጉዳይ ስትለቅም አገኟት። ጃርት እያንዳንዱን ቆርሳ ታያለች፤ ስብራቱ እንደ ካሮት የቀላ፣ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ካወጣ ትበላዋለች። ራቅ ብሎ ደግሞ ነጫጭ እንጉዳዮች በብዛት በቅለዋል። ግንዳቸው ከሥሩ ከረጢት የለበሰ ይመስላል። እነዚያን ዞራ አለፈቻቸው። ቀበሮ ለምን እንደተወቻቸው ጠየቀቻት።

«እነሱ ይገድላሉ» አለች ጃርት፣ ቀና ሳትል።

ቀበሮ አላመነቻትም፤ ለራሷ ልታስቀራቸው ነው ብላ ጠረጠረች። ቢሆንም ቀድማ መቅመሱን ፈራች። ስለዚህ ጃርት እስክትሄድ ጠብቃ ጅብን ታባብለው ጀመር።

«አያ ጅቦ፣ ሰዎች ይህን የጅብ ጥላ የሚሉት ለምን ይመስልዎታል? የእርስዎ ድርሻ ስለሆነ እኮ ነው።»

ጅብ ይህን ሲሰማ ደስ ብሎት ሳያላምጥ ዋጠ። ቀበሮ አጠገቡ ቁጭ ብላ ዓይን ዓይኑን አየችው። ጀምበር አዘቀዘቀች፤ ጅብ ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም ይጣፍጣል እያለ ይሥቅ ነበር። ያኔ ቀበሮም የተረፈውን ጠርጋ በላች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከጉሙ ውስጥ የጅብ ሣቅ ተሰማ። ቀበሮ ጆሮዋን አቁማ አዳመጠች። ሣቅ አልነበረም። ድምፁ አንዴ ከቀኝ፣ አንዴ ከግራ የሚመጣ ይመስላል፤ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ ቆመ። ደኑ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ መሐል ቀበሮ የገዛ ሆዷን ሲቆርጣት ተሰማት።

እየተንገዳገደች ከጃርት ጉድጓድ ደረሰች። ያደረገችውን ሁሉ ሳትደብቅ ነገረቻት፤ ጅብ እስኪመሽ ድረስ ደህና እንደነበረም ጭምር።

«መርዙ አይቸኩልም» አለች ጃርት።

«እመት ጃርት፣ መድኃኒት አለዎት?»

«የለኝም። ብቻሽን ግን አትሆኚም።»

ጃርት ከጉድጓዷ ወጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ጉሙ ወርዶ ሁለቱንም ሸፈናቸው። ሲገለጥ የምትተነፍሰው ጃርት ብቻ ነበረች።

ከዚህ የምንማረው የማያውቀውን ነገር በባልንጀራው ነፍስ የሚሞክር፣ የራሱንም ነፍስ እንደሚያጠፋ ነው።