የግራዝማቹ ዕድልና አያ ቢሻው

አያ ቢሻው መሬትም ከብትም እምብዛም አልነበረውም፤ ምላሱ ግን ለአገር ይተርፍ ነበር ይላሉ ያወሩልን ሰዎች። እኔም እንደሰማሁት ላውራው።

በመንደሩ አሥር ሰዎች ማሳቸውን የሚያጠጡት ከአንዲት ቦይ ነበር። በበጋ ውሃው ስለሚያንስ ማን እንደሚቀድም በየዓመቱ ዕጣ ይጣላል። አራት ዓመት በተከታታይ ግራዝማች ዓለምሰገድ ቀደሙ። ማሳቸው ሰፊ ነውና እሳቸው አጠጥተው ሲጨርሱ ለሌላው የሚተርፈው ጭቃ ብቻ ነው። ባሏ የሞተባት ወይዘሮ እንጉዳይ ከአንዲት ቁራሽ ነጭ ሽንኩርት ማሳ በቀር ሌላ መተዳደሪያ የላትም፤ እሱም አራቱንም ዓመት ዓይኗ እያየ ደረቀባት። ይህ ነገር አያ ቢሻውን አንገበገበው። ከዚያ ወዲህ ግራዝማችን ባገኛቸው ቁጥር ሳይነካካቸው አያልፍም።

አንድ ቀን ግራዝማች ሰው በተሰበሰበበት ድግስ ላይ፣ «ሁለት ካባና ሦስት ኩታ አለኝ። እያቀያየርኩ ስለብስ ሳምንቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ሆኜ አልታይም» ብለው ጎረሩ። አያ ቢሻው ጣቱን ይዞ ቆጠረ። አንዱ ካባ ከሦስቱ ኩታዎች ጋር ሦስት፣ ሌላውም ካባ እንዲሁ ሦስት። ስድስት ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ከሰኞ እስከ ቅዳሜስ ደኅና ነው ግራዝማች፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ራቁትዎን ሊመጡብን ነው?»

ግራዝማች አምስት ሴቶች ልጆች ነበሯቸው። ባለቤታቸው ስድስተኛ ስታረግዝ፣ «አምስቱ ሴት ከሆኑ የአሁኑ ወንድ መሆኑ አይቀርም!» ብለው ስም አወጡለት፤ ለወንድ ልጅ ደስታ የሚታረደውንም ሰንጋ አሰሩ። ጎረቤቱ ሁሉ አሜን ሲል አያ ቢሻው ብቻ ዝም አለ። «አንተስ ምነው አትመርቅም?» አሉት ግራዝማች ተቆጥተው።

«ለመመረቁስ እመርቃለሁ። ግን አምስት እኅቶች መቅደማቸውን ለጽንሱ ማን ሄዶ ነገረው?»

ስድስተኛዋም ሴት ሆነች። እንደ ጨረቃ ያለች ልጅ ነበረች አሉ፤ ሰንጋውም ሳይታረድ ከረመ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ወይዘሮ እንጉዳይ ቦዩ ዳር ቆማ፣ «ኧረ የእኔ ዕጣ መቼ ነው የሚቀድመው?» ብላ አለቀሰች። ግራዝማች በቅሏቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ «ምን ያስለቅስሻል? ያንቺ ዕጣ ወይ ይቀድማል፣ ወይ አይቀድምም። እኩል በእኩል አይደለም እንዴ!» አሏት። አሥር ሰው ዕጣ በሚጥልበት አገር እንዲህ ያለ ድፍረት! አያ ቢሻው ይህን ሲሰማ ወደ በቅሏ ቀረብ ብሎ ከወገቡ ጎንበስ አለና እዚያው መሀል ላይ ቀረ። «ምን ሆነሃል አንተ?» አሉት።

«ነገ ወይ ደጃዝማች ይሆናሉ፣ ወይ አይሆኑም። እኩል በእኩል ከሆነ ብዬ፣ ይኸው እኩሌታውን እጅ ነሣሁዎ።»

በአምስተኛው ዓመት የዕጣው ቀን ደረሰ። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ሁሉም የየራሱን ምልክት ለሽማግሌዎች አሳይቶ አቁማዳ ውስጥ ይጥላል። ዕጣ አውጪው የማን ምልክት የትኛው እንደሆነ እንዳያውቅ ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል። አውጪው እንደ ወትሮው ደርሶ የሚባለው የግራዝማች አሽከር ነው። አቁማዳውን የያዘው ግን በዚያ ዓመት አያ ቢሻው ነበር።

አንዱ ስንጥር ጣለ፣ አንዱ ባቄላ፣ ወይዘሮ እንጉዳይ የገል ስባሪ ጣለች። ግራዝማች እጃቸውን ከብብታቸው አውጥተው ጠጠራቸውን ሲጥሉ፣ ጠጠሯ የአያ ቢሻውን እጅ ነካችው። ሞቅ ያለች ነበረች። ለካስ ደርሶ በየዓመቱ አቁማዳው ውስጥ በዳበሳ የሚፈልገው ሙቀቷን ኖሯል!

አያ ቢሻው አልጮኸም። «ሽማግሌዎች ስሙኝማ» አለ በቀስታ። «አሥር ነን። አንድ ዓመት መቅደም ከአሥር አንድ ሰው የሚያገኘው ነው። ሁለት ዓመት መከታተል ከመቶ አንድ፣ ሦስት ዓመት ከሺህ አንድ፣ አራት ዓመት ከእልፍ አንድ። ግራዝማች ከእልፍ አንድ ሰው ናቸው ማለት ነው።»

ግራዝማች ደረታቸውን ነፉ። «ይህን ማን ይክዳል!»

«ታዲያ ዕድሉ የእርስዎ ነው ወይስ የጠጠሯ?»

«ጠጠር ምን ዕድል አለው? የራሴ ነው እንጂ!»

«እንግዲያውስ በየትኛውም ምልክት መቅደምዎ አይቀርም። ጠጠሯ ለወይዘሮ እንጉዳይ ትሁን፣ ገሏ ለእርስዎ።»

ግራዝማች እምቢ እንዳይሉ ነገሩ ይወጣል፤ እሺ እንዳይሉ ውሃው ይሄዳል። ሽማግሌዎቹ አፍጥጠው ሲያዩዋቸው «እሺ» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ደርሶ ተጠራ። ከሩቅ ቆሞ ስለነበር የሰማው ነገር የለም። እጁን ከተተ፣ ዳበሰ፣ ዳበሰ፣ ከዚያም ፊቱ በርቶ ጠጠሯን ይዞ ብቅ አለ።

ወይዘሮ እንጉዳይ እልል እያለች ቦዩን ልትከፍት ሮጠች። ግራዝማች አሽከራቸውን በዓይናቸው እየበሉት፣ «ምነው ዛሬስ ዕድሌ ከዳችኝ!» ብለው አማረሩ።

«ኧረ አልከዳችዎትም ግራዝማች፤ ዕድልዎ ካስቀመጡባት ጠጠር ንቅንቅ አላለችም። የተነሡት እርስዎ ነዎት።»