አህያዋ ካርታ መበወዝ የተማረችበት በጋ

አንድ ጊዜ፣ ምንጩ ሁሉ ደርቆ ውኃ የሚገኘው ከሩቅ ወንዝ ብቻ በሆነበት በጋ፣ አንበሳ፣ ጅብ፣ ቀበሮና አህያ በአንድ ዋሻ ይኖሩ ነበር። ውኃ መቅዳቱን ማንም አይወደውም። ስለዚህ አንበሳ «ዕጣ ይፍረደን» አለና መንገደኞች ጥለውት የሄዱትን ካርታ አመጣ። ሕጉ ቀላል ነው፦ ማታ ማታ አንዱ ይበውዛል፤ ከጎኑ ያለው ከፈለገ ካርታውን ለሁለት ይቆርጣል፤ ከዚያ አንድ በአንድ እስኪያልቅ ይታደላል፤ መጀመሪያ ለአንበሳ በክብሩ፣ ቀጥሎ ለጅብ፣ ለቀበሮ፣ በመጨረሻም ለአህያ። ጆከር የደረሰው ሲነጋ እንስራውን ተሸክሞ ወንዝ ይወርዳል፤ የሚመለሰው ሲመሽ ነው።

የሚበውዘው ቀበሮ ነበር። ካርታው እጁ ላይ ሲፈስ አያ ጅቦ አፉን ከፍቶ ያያል። ቀበሮ በውዞ ሲጨርስ ካርታውን ከጎኑ ወደተቀመጠችው አህያ ገፋ አድርጎ፣ «እመት አህያ፣ ትቆርጫለሽ ወይስ ላድል?» ይላታል። እሷ ግን ገና ከወንዝ መመለሷ ነው፤ ጉልበቷ ዝሏል። ያመጣችውንም ውኃ ጅብ በአንድ ትንፋሽ እያገባደደው ነው።

«ተወኝ እባክህ፣ አድለው» ትላለች። ጆከሩም ይደርሳታል። በማግሥቱም ያው ነው።

አንድ ቀን መንገድ ላይ ገደል አፋፍ የሚኖረውን የካርታ አዋቂ ዝንጀሮ አገኘችውና የማታ ማታውን ሁሉ ነገረችው። «አባ ዝንጀሮ፣ የከፋው ዕድሌ ነው ወይስ የቀበሮ እጅ?»

ዝንጀሮ ሳቀ። «ጆከሩን ከሥር አስቀርቶ ሌላውን ነው የሚያምሰው። የመጨረሻው ካርታ የማን ነው?»

«የኔ» አለች፤ ጆሮዋ ወደቀ። «እንግዲያው መበወዝ አስተምረኝ። እኔም ለእሱ ላድርስለት።»

ዝንጀሮ አሮጌ ካርታ አውጥቶ ማስተማር ያዘ። «ግማሹን በዚህ ኮቴ፣ ግማሹን በዚያ። ጫፍና ጫፉን አገናኚና አንድ በአንድ ልቀቂው። አትጫኚው! ኧረ አትጫኚው! መሸከም እንጂ መልቀቅ መች ለመድሽ!» ካርታው ተበተነ። ለቀመችው። እንደገና ተበተነ። ወንዝ ስትወርድ ትማራለች፣ ስትመለስ ትማራለች፤ ከመሸከሙ መማሩ ባሰባት። እኔ ብሆን ትቼው ነበር። እሷ ግን አህያ ናትና አልተወችም። በጋው ሊያልቅ ሲል ካርታው ኮቴዋ ላይ ያለ ኮሽታ እርስ በርሱ መግባት ጀመረ።

የዚያን ዕለት ማታ፣ «ጌታዬ፣ ዛሬ እኔ ልበውዝ» አለች።

«በኮቴ?» ብሎ ጅብ በሳቅ ተንከባለለ።

«ትሞክር» አለ አንበሳ።

በወዘች። ጆከሩን ከሥር ሁለተኛ፣ የቀበሮ ድርሻ ላይ አኖረችው። ጅብ እንኳ ሳቁን ውጦ «አቤት!» አለ። ቀበሮ ግን፣ «እጅሽ ይባረክ። በይ ልቁረጥ» አለና ካርታውን ከመሃል ከፍሎ የላዩን ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ አደረገው። ታደለ። ጆከሩ ለአህያ ደረሰ።

ማልቀስ እንኳ ደከማት። ሲነጋ እንስራዋን ተሸክማ ዝንጀሮ ዘንድ ቆመች። «የበጋ ልፋቴን አንዴ ቆርጦ አፈረሰብኝ! ይህን ለምን አልነገርከኝም?»

«መበወዝ አስተምረኝ አልሽ እንጂ ሌላ መች ጠየቅሽኝ? ለመሆኑ አንቺ ስትቆርጪበት ቀበሮ ምን ይላል?»

«እኔማ... ቆርጬ አላውቅም። ከወንዝ ስመለስ ይደክመኛል።»

«አየሽ፣ ስለደከመሽ አልቆረጥሽም፤ ስላልቆረጥሽም ደከመሽ» አላት ዝንጀሮ።

ማታ ቀበሮ እንደ ልማዱ አሳምሮ በወዘ። «ላድል አይደል?» አለ፤ መልስም ሳይጠብቅ የመጀመሪያውን ካርታ ሊያነሣ እጁን ሰደደ።

አህያ ኮቴዋን ካርታው ላይ አሳረፈች። «እቆርጣለሁ።»

«ዛሬ ደግሞ ምን መጣ?» አለ ቀበሮ።

«ትቁረጥ፤ ሕግ ነው» አለ አንበሳ።

አንዴ ቆረጠች። ካርታው ታደለ፤ ጆከሩም ለቀበሮ ደረሰ። ጅብ እስኪያስለው ሳቀ። አህያ ግን አልሳቀችም። ቀበሮ ሲነጋ እንስራውን ተሸክሞ እየተነጫነጨ ሲወጣ እሷ ገና ከባድ እንቅልፍ ላይ ነበረች።

ከዚህ የምንማረው የሌላውን የእጅ ጥበብ ለመማር ከመልፋታችን በፊት ድካም ያስተወንን የራሳችንን መብት ማንሣት እንደሚገባን ነው።