አንጓችና ጓሮ የሚበላው ቦረቦር

ስሙ ልጆቼ፤ ጠጋ ጠጋ በሉ። ይህን የነገሩኝ የአባቴ እናት ናቸው፤ እሳቸውም ከአያታቸው ሰምተውታል። ያኔ ይቺ መንደራችን ወይራ አፋፍ እንዲህ አረንጓዴ አልነበረችም። ቤቶቿ ጥቂት ነበሩ፤ ከቤቶቿ ጀርባ ያለው መሬት ደግሞ እንደ ራስ ቅል የገጠጠ ነበር። ሰው እርሻው ሜዳው ላይ ነው። ጓሮ የአመድ መድፊያ ነበር፤ ሌላ ጥቅም አልነበረውም።

በዚያ ዘመን አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ርስት አልነበራትም፤ ወገን አልነበራትም። የነበራት አንዲት ጎጆ፣ ጥቂት ፍየሎች፣ ፈንታነሽ የምትባል አንዲት ልጅ፣ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው አልጋ ላይ የዋሉ አማቷ እመት ዘርትሁን ብቻ ነበሩ። ጎጆዋ የመንደሩ መጨረሻ ናት። ከጎጆዋ ጀርባ ራቁቱን የተዘረጋ ጓሮ አለ፤ ከጓሮው ወዲያ ቦረቦሩ አለ።

ያን ቦረቦር እናንተ ያኔ እንደነበረው አላያችሁትም። ጎርፍ የቆፈረው ገደል ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር አፋፉ ይናዳል፤ በተናደ ቁጥር ወደ ቤት ይጠጋል። ሲዘንብ ያጓራል፤ ሲያባራ ዝም ይላል፤ ዝም ሲል የባሰ ያስፈራል። የመንደሩ ሰው «ባለቤት አለው» ይል ነበር። በስሙ አይጠሩትም፤ «ያ» ነው የሚሉት። «ያ የወሰደውን አይመልስም» ይባላል። የአንጓችን ባልም የወሰደው እሱ ነው። የገባበትን በሬ ሊያወጣ ወረደ፤ አፋፉ ተናደበት። ሬሳው አልተገኘም፤ ለቅሶውም ያለ ሬሳ ተለቀሰ።

በዓመቱ ክረምት ላይ አንጓች ጠዋት ወደ ጓሮ ብትወጣ የፍየሎቿ በረት የለም። ፍየሎቹም የሉም። ከግድግዳዋ እስከ ገደሉ የቀረው አንድ ጥማድ በሬ የማይዞርበት መሬት ነው።

ወደ ጭቃ ሹሙ ወደ ደምለው ሮጠች።

«ጌታዬ፣ ገደሉ ደረሰብኝ። ጎጆ የምቀልስባት ጥግ ይስጡኝ» አለች።

«መሬቱ ተከፋፍሎ አልቋል። ከማን ነጥቄ ልስጥሽ? ወደ ዘመዶችሽ ሂጂ።»

«ዘመድ የለኝም።»

«እንግዲያ ጸልዪ» አሏትና ፊታቸውን አዞሩ።

ተመልሳ ግድግዳዋን ተደግፋ ቆመች። ልጇን አየች፤ ፈራች። አማቷን አየች፤ ፈራች። አሮጊቷን ተሸክማ የት ትደርሳለች? ዝናቡ ጋብ ሲል ድንጋይ አነሳችና ወደ ቦረቦሩ ወረደች።

ድንጋይ ታስቀምጣለች፤ ወደ ኋላዋ ታያለች። ሌላ ታመጣለች፤ ወደ ኋላዋ ታያለች። እንዲህ እያለች አፋፉን የሚይዝ ካብ ስትጀምር ከአፈሩ ውስጥ ሹክሹክታ ሰማች። ጆሮዋን ጣል አደረገች። «አንጓች» የሚል መሰላት። ድምፁ የባሏ መሰላት። ድንጋዩን ጥላ በእጇም በጉልበቷም እየቧጠጠች ወጣች፤ ገብታም ከአማቷ አልጋ ሥር ተወሸቀች።

«ምን አየሽ?» አሏት እመት ዘርትሁን።

«እማዬ፣ ልጅዎ ጠራኝ።»

አሮጊቷ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «ልጄ ከሆነ ክፉሽን አይፈልግም። ውሃ ከሆነ ከሥር የሚሄድ ውሃ ነው፤ መንገድ ቅደጂለት። ሌላም ከሆነ፣ አንቺ ድንጋይሽን አስቀምጠሽ ነይ።»

አንጓች ጆሮዋን በጥጥ ደፈነችና ተመለሰች። ካቡን ካበች፤ ለውሃው መውረጃ ቀደደችለት። ውሃ ይሁን ሌላ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ከዚያ ወዲህ አፈር መሥራት ጀመረች። አዎ፣ አፈር! የመንደሩን አመድ ለመነች፤ ፍግ ለመነች፤ የወደቀ ቅጠል ሰበሰበች። በአቁማዳ እየተሸከመች ከካቡ በላይ ደፋችው። በአፋፉ ላይ ቁልቋልና ሰንበሌጥ ተከለች፤ ከግድግዳዋ ሥር ጎመን፣ ከጎመኑ ወዲያ ጎደሬና ዱባ፣ በዳር በዳሩ ኮባ። በበጋ ፈንታነሽ የእጅ መታጠቢያውን ውሃ እንኳ አትደፋም ነበር፤ ለኮባው ታጠጣዋለች። ክረምት ሲመጣ አንጓች በር ላይ ተቀምጣ ትንቀጠቀጣለች፤ ክረምት ሲያልፍ ከፊተኛው ካብ ዝቅ ብላ ሌላ ካብ ትጨምራለች። ጓሮዋ እንደ ደረጃ ወደ ገደሉ ሆድ መውረድ ጀመረ።

እንዲህ ሳለች አንድ ዓመት በረዶ ወረደ። የመንደሩን ጤፍ ሁሉ አጨደው። የአንጓች ጎደሬ ግን ሥሩ መሬት ውስጥ ነውና ተረፈ። ይሄኔ ሰው በጎሪጥ ያያት ጀመር። «ያን አስቆጣችው» አሉ። «የእሱን አፍ ስትደፍን በእኛ ዞረ» አሉ። «ከእሱ ጋር ቃል ባይኖራት የእሷ ብቻ እንዴት ተረፈ?» አሉ።

በጠራራ ፀሐይ መጡ። ደምለው ከፊት፣ ሌላው ከኋላ፤ ዱላና ዶማ ይዘዋል።

«ንቀዪው! አለዚያ እኛ እንነቅለዋለን» አሉ ደምለው።

አንጓች ወደ ግድግዳዋ ተጠጋች። ከቦረቦሩ ይልቅ የዚያን ቀን የጎረቤቶቿ ዓይን አስፈራት። ፈንታነሽ ቀሚሷን ይዛ ታለቅሳለች።

ያን ጊዜ ከጎጆው ውስጥ የሚጎተት ነገር ድምፅ ተሰማ። እመት ዘርትሁን ነበሩ። በክንዳቸው መሬቱን እየቧጠጡ፣ እግራቸውን እየጎተቱ ወጡ፤ ሄደውም በችግኞቹ መካከል ተጋደሙ።

«ደምለው፣» አሉ፣ «ስትወለድ እትብትህን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ልጄን ቀብሬ አፈር አላለበስኩትም። አፈሩ ይኸው ነው። መጀመሪያ እኔን ንቀሉ።»

ዶማው ከአንዱ እጅ ወደቀ። አንድ በአንድ ተመልሰው ሄዱ፤ ደምለውም ሄዱ። ከዚያ በኋላ ግን እሳት የሚያውሳት ጠፋ፤ ሰላም የሚላት ጠፋ። እመት ዘርትሁንም በዚያው ዓመት አረፉ፤ የተቀበሩትም ቤተ ክርስቲያን ነው። ቀባሪ ጥቂት ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ክረምት ትልቁ ክረምት ይባላል። በነሐሴ አንድ ቀን፣ ሰው ምሳውን ሳይበላ ሰማዩ ጠቆረ። ዝናቡ አልዘነበም፤ ተገለበጠ እንጂ። ከተራራው የወረደው ጎርፍ ከቦረቦሩ ገባ፤ ቦረቦሩም እንደ ጣት እየተከፈለ በየሰዉ ራቁት ጓሮ ገባ። የአንዱ ቤት ጀርባው ተገመሰ። የሌላው ጎተራ ሄደ። የእህል ጉድጓዱ ከነእህሉ ሄደ። መሬት ከእግር ሥር ይንቀጠቀጣል፤ ሰው ወዴት እንደሚሮጥ አያውቅም።

አንጓች ልጇን አቅፋ ምሰሶ ላይ ተጣብቃለች። ቦረቦሩ ባጓራ ቁጥር «አሁን ነው» ትላለች። ያጓራል፤ «አሁን ነው» ትላለች። የኮባው ሥር መሬቱን ጨብጦ ያዘ። ጎጆዋ አልሄደችም።

በሩ ተደበደበ። ደምለው ናቸው፤ ጭቃ ለብሰዋል፤ የልጃቸውን ልጅ ታቅፈዋል።

«አንጓች፣ በእመቤታችን! መሬት የሚቆመው አንቺ ዘንድ ብቻ ነው» አሉ።

«ግቡ» አለች። ሌሎችም ተከትለው መጡ። ጎጆዋ ሞላ፤ የተረፈው በኮባው ቅጠል ሥር ተጠለለ።

ዝናቡ ሲያባራ የመንደሩ እህል አልነበረም። ያን ዓመት ወይራ አፋፍ የኖረችው በአንጓች ጓሮ ነው፤ በጎደሬዋ፣ በዱባዋ፣ በጎመኗ። አላጠገባቸውም፤ ግን አሻገራቸው። ለዘር ለይታ ያስቀረችውን ችግኝም ለየቤቱ አደለች። ለደምለው ስትሰጣቸው አንገታቸውን ደፍተው ጠየቋት።

«እኛ ሁላችን ስንፈራ አንቺ እንዴት ሳትፈሪ ቀረሽ?»

አንጓች ሳቀች ይባላል፤ ስትስቅ የታየችውም ያን ቀን ነው ይባላል። «ማን ነገረዎት? እጄ ሳይንቀጠቀጥ የተከልኩት አንድም የለም» አለቻቸው።

ቦረቦሩ አልሞተም፣ ልጆቼ። ኮባውንና ሰንበሌጡን ለብሶ ከሥራችን ተኝቷል፤ ነሐሴ ላይ ጆሮውን የሰጠ ይሰማዋል። ለዚህ ነው በመንደራችን ሙሽራ ወደ ጎጆዋ በፊት ለፊት የማትገባው። በጓሮ በኩል ትዞራለች። አማቷ የኮባ ችግኝ ይዛ ትጠብቃታለች፤ «ፈራሽ?» ብላም ትጠይቃታለች። ሙሽራይቱ ኮርታ «አልፈራሁም» ካለች ችግኙን አትሰጣትም፤ ከገደሉ አፋፍ ወስዳ ታቆማታለች፤ ቁልቁል እንድታይ ታደርጋታለች። «ፈርቻለሁ» ስትል ነው እጇን ይዛ «በይ እንግዲያ ትከዪ» የምትላት።