ለእንግዳ የወጣው ዘይት

የባለቤቴ የሐጂ ሸረፋ መርዶ የደረሰኝ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ለረመዳን የሚሆን ኑግ ስነፋ ነው። ኢማማችን ሸህ ጦይብና የባለቤቴ ታናሽ ወንድም በድሩ ተከታትለው ገቡ። በድሩ ቤታችን ሲመጣ ከደጅ ጀምሮ እየቀለደ ነው የሚገባው። ያን ቀን ዝም ብሎ ገባ። ወንፊቱን አስቀመጥኩት።

«መዲና፣ አማና አደራ ነው፤ ባለቤቱ አላህ ወሰደው» አሉኝ ሸህ ጦይብ።

ሐጂ ኑግ ሊገዙ ቆላ ወርደው፣ በሄዱበት አገር መስጂድ የቀትሩን ሶላት ዝሁርን ሰግደው እንደተቀመጡ ነው ሩሓቸው የወጣችው። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን።

ለቅሶ የመጣው ሁሉ የሳቸውን ነገር ሲያወራ ሰነበተ። ወሬ ግን ከአፍ አፍ ሲዞር ይጨመርበታል፤ ይቀነስበታልም። እኔ ያየሁትን አንዱን ነገር ሳይደበዝዝብኝ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

ከተማችን አሮጌ ናት። ግንቧ ፈራርሷል፤ ነጋዴዎቿ ግን ዛሬም አዛን ሲሰሙ ሱቃቸውን በጨርቅ ብቻ ጋርደው ወደ መስጂድ ይሄዳሉ። ሐጂ ሸረፋ ከአባታቸው የወረሱትን የኑግ ዘይት መጭመቂያ ከበድሩ ጋር ሆነው ያሠሩ ነበር። በድሩን ከልጅነቱ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

አንድ ዓመት ዘይት የሚያመርት ሁሉ ምርቱን አስመርምሮ የመንግሥትን የጥራት ምልክት ይለጥፍ፣ ምልክት የሌለው ገበያ አይውጣ ተባለ። መርማሪው የመጣ ቀን ሐጂ ጀናዛ ሊሸኙ ቀብር ሄደው ስለነበር የተቀበለው በድሩ ነው። መርማሪውም ናሙናውን በገዛ ጠርሙሱ ቀድቶ፣ አሽጎ ሄደ። ከጊዜ በኋላ ምልክቱ ተፈቀደልን። ጎረቤት መጥቶ መረቀን። ሠራተኞቹ በየጀሪካኑ ላይ ሲለጥፉ ዋሉ። የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ሳይቀር ለበሽተኞቹ የኛን ዘይት መውሰድ ጀመረ። በድሩም ሲያዘገየው የኖረውን የጋብቻ ኒካሕ ለዒድ ማግሥት ቀጠረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። እኔ በየዓመቱ ለቤታችንና ለመስጂዱ ማፍጠሪያ የሚሆነውን ኑግ በእጄ ለቅሜ፣ በወንፊት ነፍቼ አዘጋጃለሁ። እሱ ለብቻው ይጨመቃል፤ ዘይቱም በጨርቅ እየተጠለለ በአንድ ቆርቆሮ ይቀመጣል። ለገበያ የሚጨመቀው ኑግ ግን ከነአቧራው ነበር የሚገባው። ሌሎቹም መጭመቂያዎች እንደዚያው ነበሩ፤ ማንም ነውር ብሎት አያውቅም።

አንድ ቀን ያን ቆርቆሮ ከፍቼ ባየው ጎድሏል።

«በድሩ፣ የረመዳኑን ዘይት ማን ነካው?»

«እኔ ነኛ፣ እትዬ። መርማሪው ሲመጣ ከሱ አስቀዳሁት።»

«ለምን?»

«እንግዳ አይደል እንዴ? ከሩቅ አገር ለመጣ ሰው ከዝቃጩ ላስቀዳው? እናታችን ከቀብሯ ተነስታ ትረግመኝ ነበር።»

ሳቅኩ። ሐጂ በግቢው ጥግ ለሶላት ዉዱእ እያደረጉ ነበር። ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጡት።

«ምልክቱ የተሰጠው ለመዲና ዘይት ነዋ?» አሉ።

በድሩ የሳቸውን ፊት ሲያይ ሳቁ ጠፋ። «ጋሼ፣ የገበያው ዘይታችን መጥፎ ነው እንዴ? ያደግነው በሱ ነው። ማን ታመመ?»

«መጥፎ ነው አላልኩም። ያልታየ ነው አልኩ።»

«ታዲያ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«ይዘጉናል እኮ።»

«ይዝጉን።»

በድሩ ወደ እኔ ዞረ፤ እንዳግዘው ነው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እሺ፣ ከነገ ጀምሮ የገበያውንም እንደ እትዬ እንንፋው። እንጠልለው። ምልክቱም ይቆይ፣ ዘይቱም ይስተካከል። ማን ይጎዳል?» አለ።

ነገሩ ለእኔም ሚዛን ደፋልኝ። ሐጂ ግን እጅጌያቸውን ወደ ላይ እየጠቀለሉ፣ «በሽተኛው ምልክቱን አምኖ የሚበላው ዛሬ ነው» አሉና ዉዱኣቸውን እንደገና ጀመሩ።

በማግሥቱ መሥሪያ ቤቱ ሄዱ። ኃላፊው የነገሯቸውን ሰምቶ ሲያበቃ ግራ ገብቶት እንደነበር እሳቸው ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።

«ሐጂ፣ እዚህ የሚመጣው ሁሉ ስጡኝ ባይ ነው። ውሰዱልኝ ብሎ የመጣ እርስዎን አየሁ» አላቸው።

«ያልሰጣችሁኝን ነው የምመልሰው።»

«ቢወድቅ መጭመቂያው ይታሸጋል።»

«አውቃለሁ።»

ከገበያው ዘይት ተቀዳ፤ ተመረመረ፤ ወደቀ። ቆሻሻውም እርጥበቱም ከተፈቀደው በላይ ነው ተባለ። የመጭመቂያው በር ታሸገ። ሐጂ ከየሱቁና ከሆስፒታሉ ያልተከፈተውን ጀሪካን እያስመለሱ ምልክቱን በጥፍራቸው ላጡት። ረመዳን በዚያው ገባ። የበድሩ ሠርግም ተራዘመ፤ የልጅቷ አባት «መጭመቂያው ሲከፈት እንነጋገራለን» አሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱ ይቀመጥ ነበር። እሳቸው ግን በየቀኑ በታሸገው በር ላይ በርጩማ አውጥተው ይቀመጣሉ። ዘይት ፈልጎ የመጣውን፣ «ዘይታችን ተመርምሮ ወድቋል፤ እስክናስተካክለው ከሌላ ግዙ» ይሉታል። ይህ ለገበያው መሳቂያ ሆነ። ስማቸው «ዘይቱን የከሰሰው ሐጂ» ተባለ።

«ሐጂ፣ ዛሬስ ማንን ከሰሱ?» ይላቸዋል መንገደኛው።

«ዘይቴን ከስሼ ረትቻለሁ፤ ይበቃኛል» ይሉታል።

በድሩ አኩርፎ ከሳቸው ጎን መስገድ ተወ፤ ሌላ ሰፍ፣ ሌላ ረድፍ፣ ይይዝ ነበር። እሳቸው ግን ግቢያችን ውስጥ ሸራ አንጥፈው፣ ከሠራተኞቹ ጋር ሆነው የገበያውን ኑግ መንፋት ጀመሩ። እኔ አሳየኋቸው። መጀመሪያ ላይ እሳቸው ከአቧራው ይልቅ ኑጉን ነበር የሚያፈሱት። በድሩ አንድ ቀን ከበሩ ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ «ጋሼ፣ እንዲህ ከነፉትማ የሚጨመቅ አይተርፍም» ብሎ ወንፊቱን ከእጃቸው ተቀበላቸው። እርቃቸው ይኸው ነበር።

ዒድ ካለፈ በኋላ ለሙከራ እንድንጨምቅ እሽጉ ተነሳልን፤ የተነፋውን ኑግ ጨምቀን በርሜሎቹን ስንሞላ ያው መርማሪ ተመልሶ መጣ። በድሩ ይህን ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት ወንድሙን አየ።

«ምሳውን ከረመዳኑ ዘይት ሥሩለት» አሉ ሐጂ። «ናሙናውን ግን ከየትኛውም የገበያ በርሜል ይቅዳ፤ እሱ ይምረጥ።» ቀጥለውም ለወንድማቸው፣ «ለእንግዳ ምርጡ ይቀርባል፣ በድሩ፤ ለምስክር የሚቀርበው ግን ያለው ነው» አሉት።

ያ ዘይት አለፈ። በድሩም አገባ።

ይህችን ቃላቸውን ከሞቱ ወዲህ ሳስባት ከዘይት ታልፍብኛለች። ምልክቱ ምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ ያላየውን አይመሰክርም። ሰዎች ግን አንዳችን ለሌላችን፣ ብሶም ለጌታችን፣ በጥንቃቄ የተነፋውን ብቻ እያቀረብን በርሜሉን የምንደብቅ ብዙ ነን። አላህ ግን በርሜሉን ከእኛ በላይ ያውቀዋል።

በመርዶው ዕለት ጀናዛቸው ከአሱር ሶላት በኋላ በመኪና ደረሰ። ሸህ ጦይብ «ስለ ወንድማችሁ ምን ትመሰክራላችሁ?» ብለው ሰጋጁን ሲጠይቁ፣ «ደግ ነበሩ» የሚለው ድምፅ እቤት ድረስ ተሰማኝ። እነሱ ከደጅ ያዩትን መሰከሩ። እኔ ደግሞ ከቤት ያየሁትን ልመስክር። ሐጂ ሸረፋ ወጥ ሲጣፍጣቸው አመስግነው አያውቁም። ሲደክማቸው ይቆጡ ነበር። አንዴ ያሉትን ማንም አያስለውጣቸውም፤ በዚህ አልቅሼ አውቃለሁ። ይህን የምጽፈው ላሳንሳቸው አይደለም። ከረመዳኑ ቆርቆሮ ብቻ ቀድቼ ባቀርብላችሁ፣ እሳቸው ራሳቸው መልሺው ይሉኝ ነበር። በገበያም በቤትም የማውቃቸው ግን አንድ ሰው ነበሩ፤ ለእንግዳ የሚወጣ ሌላ ሸረፋ አልነበራቸውም።

መርዶው ሲመጣ ያስቀመጥኩትን ወንፊት መልሼ አንስቻለሁ፤ የመስጂዱ ማፍጠሪያ ይጠብቃል። እናንተም ይህን ያነበባችሁ፣ እጃችሁን ለዱዓ ስታነሱ ሐጂ ሸረፋን አትርሷቸው። ያለውን አቅርቤላችኋለሁና፣ ጉድለታቸውን አላህ እንዲምራቸው፣ ቀብራቸውንም እንዲያሰፋላቸው ለምኑላቸው።